የሦስት መቶ ቀን ሥርየት

«ክቡራን አድማጮቻችን፤ ላለፉት በርካታ ዓመታት ቤተሰቡን በትጋትና በታማኝነት ሲያገለግሉ የቆዩት የጸሎት ካርድ ዛሬ ማለዳ ከወገባቸው ላይ ለሁለት ተከፍለዋል። ካርዱ ባደረባቸው የእርጅና ሕመም ምክንያት በፕላስተር ሲረዱ ቆይተው ነበር። ለእታለም፣ ለልብስ ስፌት መኪናዋና ለመላው የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ መጽናናትን እንመኛለን።»

ይህን ያወጀው ጋሼ ነው። በፒጃማ ሱሪና በካናቴራ ሆኖ፣ አንድ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደ ማይክሮፎን ወደ አፉ አስጠግቶ ነው ያወጀው። ጋሼ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሬዲዮ ማስታወቂያ አንባቢ ነበር፤ ከምሳ ሰዓት ዜና በፊት የሞቱ ሰዎችን ስም፣ ዕድሜና የቀብር ቦታ የሚያነበው እሱ ነው። ድምፁ እንደ አዲስ ብርድ ልብስ ወፍራምና ሙቅ ስለነበረ፣ በከተማው ውስጥ ታመው የተኙ ሰዎች «መቼም መሞቴ ካልቀረ ክቡራን ያንብበኝ» ይሉ ነበር ይባላል። ክቡራን የሚለው ቅጽል ስም ከዚያ ወዲህ ከሰፈሩ አፍ አልወጣም። ጣቢያው ጋሼን አሰናበተ እንጂ ጋሼ ጣቢያውን አላሰናበተም። ውሃ ሲጠፋ፣ ሽንኩርት ሲያልቅ፣ የታችኛው ፎቅ ድመት ስትወልድ፣ ሁሉንም በዚያው ድምፅ ያውጃል። በዚያው ሰዋስውም ነው። የሞት ማስታወቂያ ሰዋስው አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፤ ሰው ሲሞት አንቱ ይሆናል። ዕድሜ ልኩን «አንተ ከሲታ፣ ና እስቲ» ሲባል የኖረ ሰው ልክ እንደ ሞተ አቶ ይቀድመዋል፤ ይወዱ ነበር፣ ያከብሩ ነበር፣ ዐርፈዋል ይባልለታል። ጋሼ እንደሚለው አንቱታ የሚገኘው በሹመት ወይም በሞት ነው፤ ሞቱ ግን ዘመድ አይጠይቅም።

እህቱ እታለም፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አልሳቀችም። የካርዱን ሁለት ግማሾች መዳፏ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ጠርዝ ለጠርዝ እያገጣጠመች ነበር። ካርዱ መዳፍ እንኳ አይሞላም። ፊቱ ላይ የተሰቀለው ጌታ ነበረ፤ በመታሸት ብዛት መልኩ ጠፍቶ የተዘረጉት ክንዶች ብቻ ቀርተዋል። ጀርባው ላይ ለሙታን ነፍስ የሚደገም አጭር ጸሎት አለ፤ ከጸሎቱ በታች ደግሞ፣ ደህና ዓይን ያለውን ሰው እንኳ መነጽር በሚያሰኝ ደቃቅ ፊደል፣ ይህን በተሰበረ ልብ ለሚደግም ሁሉ የሦስት መቶ ቀን ሥርየት እንደሚሰጥ ተጽፏል። ልብስ ሰፊዋ ነገሩን የምታውቀው እንደ ማንኛዋም የድሮ ካቶሊክ ነው። ሰው ኃጢአቱ ይቅር ቢባልለትም ቅጣቱ አይቀርለትም፤ ያን ቅጣት ሳይጨርስ ከሞተ ወደ ገነት ከመግባቱ በፊት መንጽሔ ገብቶ በእሳት ይጠራል፤ እዚህ የቀረ ዘመድ እንዲህ ያለውን ጸሎት ቢደግምለት ግን በደገመለት ቁጥር ሦስት መቶ ቀን ይቀነስለታል። ስለዚህ በየማለዳው፣ የመኪናዋን ፔዳል ከመርገጧ በፊት፣ ካርዱን ክሮቹ ላይ አስደግፋ ለባሏ ትደግማለች። ደንበኛ በር ላይ ቢቆምም አታቋርጥም። ደንበኞቿም ለምደውታል፤ «ሰውየውን እያወጣችው ነው» ይባባሉና ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

ጋሼ በዚህ ጉዳይ ላይ የራሱ ቀልድ አለው። «በዚህ ሒሳብ» ይላል፣ «ሰውየው መንጽሔን ለቆ፣ መንግሥተ ሰማያት ገብቶ፣ እዚያም ጡረታ ሳይወጣ አይቀርም።» ይቀልዳል እንጂ፣ ለማያውቃቸው ሙታን ሁሉ «ነፍሳቸውን ይማር» ሲል የኖረ ሰው፣ ለእህቱ ባል አንድም ቀን ነፍሱን ይማር ብሎ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ልብ ብላለች። ሐዘኑ ስለጠናበት ነው ብላ አስባ፣ እንዲያውም በዚያ ምክንያት አብልጣ ትወደዋለች። ባሏ የሞተው በሬዲዮ ነው። ሩቅ አገር የግድብ ሥራ ላይ የክሬን ሠራተኛ ሆኖ ሄዶ፣ ወራት ሙሉ ድምፁ ጠፍቶ፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ እየገጠመች ሳለ ሬዲዮው ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ጠራና አንቱ አደረገው። ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም፣ ሥርዓተ ቀብራቸውም እዚያው በሚሠሩበት አገር። የጋሼ ድምፅ ፈጽሞ አልተንቀጠቀጠም። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ እንዴት ያለ ጠንካራ ወንድም ነው እያለ ወጣ። ሬዲዮ ለተናገረው ሞት አስከሬኑን አሳዩን የሚል ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ የቁምስናው ቢሮ መገናኘት ነበረባቸው፤ የባሏን የሙት ዓመት ቅዳሴ ቀን ለማስያዝ። ቅዳሴው ላይ ስሙን የሚያነበው እንደ ሁልጊዜው ጋሼ ነው። እስከዚያ ድረስ ካርዱን በፕላስቲክ አስለብጪው ብሎ መከራት። «ከተለበጠ በኋላ ሻይ ቢፈስበትም አይሞትም» አላት። ልብስ ሰፊዋ የደንበኛ ቀሚስ ላይ የጀመረችውን ዚፕ ገጥማ ጨርሳ፣ ስፒሎቹን ከከንፈሯ ላይ ለቅማ፣ የካርዱን ግማሾች በመሐረብ ጠቅልላ ወጣች። ለሁለት ሰው በምትጠበው ክፍላቸው ውስጥ ሁለት አልጋ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ካውያና አንድ የቀድሞ ባለሥልጣን የሚመስል ሬዲዮ ይኖሩ ነበር። ሬዲዮው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ጋሼ ግን እንዲጣል አይፈቅድም።

ደረጃው ላይ የሁለተኛ ፎቋን ፀጉር ሠሪ አገኘቻት። ባሏ ባለፈው ወር ቴሌቪዥኑን አቅፎ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። እሷ ራሷ ቴሌቪዥኑ ይመለስልኝ እንጂ እሱንስ ግዴለም እያለች ትቀልዳለች፤ ሕንፃው ግን በሩን ሲዘጋ በእሷ ይስቃል። ጋሼ ትናንት እራት ላይ ስለዚሁ ጉዳይ መግለጫ ሰጥቶ ነበር። ባል ለሞተባት ያለቅሱላታል፤ ባል ለተዋት ይስቁባታል፤ እግዜር እንዲህ ካለው ውርደት ይሰውረን ብሎ ሾርባውን ቀጠለ።

«እትዬ፣ እንደ አንቺ ባል የታደለ የለም» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ የካርዱን መሰበር ስትሰማ። «የእኔው አጠገቤ ተኝቶ አንዲት አቡነ ዘበሰማያት አላስደገመኝም፤ ያንቺው ሞቶ በየጠዋቱ ይጸለይለታል።»

ልብስ ሰፊዋ ከፈለግሽ ላንቺውም እደግምለታለሁ አለቻት።

«ተይው፤ እሱ መጀመሪያ ይሙት።»

ሁለቱም ሳቁ። የፀጉር ሠሪዋ ሳቅ ግን መሃል ላይ ክር እንደ ጨረሰ ስፌት ቀጥ አለ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድሮ የሰዓት ሠሪው ሱቅ ከነበረው ቀጥሎ ነው። ልብስ ሰፊዋ በዚያ ስታልፍ ሁልጊዜ እግሯ ይፈጥናል። ሰዓት ሠሪው ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ፣ ጥፍሩ ንጹሕ ሰው ነበር። ምንም ያልሆነ ሱሪ ይዞ እየመጣ አሳጥሪልኝ ይላት ነበር፤ ሱሪዎቹ ሁሉ አጥረው ሲያልቁ ላግባሽ አላት። እሺ ልትለው ነበር። በምን ቀሚስ እንደምትዳርም፣ ማንም ሳያያት፣ በጠመኔ ጨርቅ ላይ ነድፋ ነበር። በዚያው ሳምንት ጋሼ ይህን ካርድ ከእናታቸው የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። መጀመሪያ የሰውየው ነፍስ ትረፍ፤ እሳት ውስጥ ትተሽው ሠርግ ልትደግሺ ነው ወይ አላት፤ ያን ጊዜ እንዳነጋገሩ ቢሆን ድንጋይም ያለቅስ ነበር። እሷም ሰዓት ሠሪውን ጠብቀኝ አለችው። ሰዓት ሠሪው ጊዜን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ጠበቀ፤ ቆይቶም፣ ጊዜን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ፣ ሌላ አገባ። ሱቁ አሁን የስልክ መሸፈኛ ይሸጥበታል።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ወገቧን በሻርፕ ያሰረች፣ ለማሽኖቿ እንደ ሕፃን የምታወራ ወፍራም ሴት ናት። ሰፈሩ ፎቶ ኮፒዋ እያለ ይጠራታል፤ የሰማችውን ወሬ ሳትቀንስ ስለምታባዛ ነው የሚሉም አሉ። የላሚኔት ዋጋ ከአንድ ትልቅ ዳቦ በላይ መሆኑን፣ ዳቦውም እንደ ድሮው አለመሆኑን፣ የፕላስቲኩ ዋጋ ከወር ወር እንደሚንር አስረድታ፣ ሁለቱን ግማሾች መስታወት ላይ አጋጥማ አስተኛቻቸው። ከዚያ ጀርባውን ገልብጣ፣ ዓይኗን አጥብባ ደቃቁን ፊደል አነበበች።

«ሦስት መቶ ቀን ይላል። ጊዜው አላለፈበትም፣ እትዬ?»

ጸሎት ጊዜ አያልፍበትም አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

«እንጃ። እኔ ዘንድ ላሚኔት የሚመጣው ሁሉ ጊዜው ሊያልፍበት የደረሰ ነው። መታወቂያ በሉ፣ ፈቃድ በሉ። ሰው ያልቃል ብሎ ሲፈራ ነው የሚያስለብጠው።»

ማሽኑ እየተንሰቀሰቀ ካርዱን በአንድ በኩል ውጦ በሌላው ተፋው። ሲወጣ ትኩስ፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ነበር። መልኩ የጠፋው ጌታ እንደ መንጃ ፈቃድ አብለጨለጨ። ልብስ ሰፊዋ እስኪቀዘቅዝ በመሐረብ ይዛው ቆየች፤ ደስ ብሏት ነበር። ከእንግዲህ እሷ ብትሞት እንኳ ካርዱ ይተርፋል።

የቁምስናው ቢሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት የላስቲክ ወንበሮች፣ በደንብ የማይዘጋ መስኮትና ጥግ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለው። ጋሼ ኮት ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ቀድሟት ደርሶ የግድግዳውን ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ ሊያርም ጀምሯል። አዲሱ ቄስ በቅርቡ ከትምህርት የተመለሱ ናቸው። ዕድሜያቸው ከልብስ ሰፊዋ መኪና ያንሳል፤ ቢሆንም አንቱታን ሳይሞቱ ካገኙት ጥቂት ሰዎች አንዱ ናቸው። እሳቸውም በበኩላቸው ልብስ ሰፊዋን አንቱ ይሏታል፤ እንዲያ ሲሏት የሞተች ይመስላትና ትደነግጣለች። የቅዳሴውን ቀን ከማስያዟ በፊት ካርዱን ይባርኩልኝ ብላ አቀበለቻቸው። ተቀብለው ገለበጡት፤ ደቃቁን ፊደል አነበቡና፣ አያቱን በልጅነት ፎቶ እንዳየ ሰው ፈገግ አሉ።

ቀስ ብለው፣ በደግነት አስረዷት። የቀኑ ቁጥር ከቀረ ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያን ያነሣችው እሳቸው ከመወለዳቸው በፊት ነው፤ ዛሬ ሥርየት ሙሉ ወይም ከፊል ይባላል እንጂ ቀን አይቆጠርለትም። ቁጥሩ በነበረበት ዘመንም ቢሆን የመንጽሔ ቀን ማለት አልነበረም፤ የጥንት ምእመናን በአደባባይ ይፈጽሙት ከነበረው የንስሐ ቀን ጋር የሚመጣጠን ዋጋ ማለት ነበር። ሕዝቡ ነው እንደ እስር ቤት አመክሮ የተረዳው። መንጽሔ ውስጥ የቀን መቁጠሪያ አልተሰቀለም አሉና በቀልዳቸው ራሳቸው ሳቁ። ጸሎቱ ግን መልካም ነው፤ ይቀጥሉበት። ሙሉ ሥርየት ከፈለጉ ደግሞ ኑዛዜ፣ ቁርባን፣ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሐሳብ መጸለይ፣ ከኃጢአትም ሁሉ፣ ከትንሿም ሳይቀር፣ ልብን ማራቅ ነው።

 ልብስ ሰፊዋ በተዘጋ ቢሮ በር ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ተሰልፋ፣ ቢሮው ተዘግቷል የምትል አንዲት ወረቀት የሚለጥፍላት ሰው ያጣች ያህል ነው የተሰማት። ከኋላዋ የተሰለፈ የለም፤ ከፊቷም አልነበረም።

«ይህ ሲቀር ማን ነገረን?» አለች።

ቄሱ በይፋ ታውጇል አሏት።

«በየትኛው ሬዲዮ?»

ይህን ስትል ወደ ጋሼ ዞራ ነበር። ጋሼ የዚህን ከተማ ሞት ሁሉ አስተላልፏል፤ የሦስት መቶ ቀን ሞት ግን በእጁ አላለፈም። ኮርኒሱን እያየ ነበር። ቄሱ ነገሩ እንደከበዳት ገብቷቸው ወንበራቸውን ሳቡ። ምንም አልጠፋም አሏት። በፍቅር የደገመችው ሁሉ፣ ቁጥሩ ቢቀርም፣ ከፊል ሥርየት ሆኖ ለባለቤቷ ደርሷል፤ ምን ያህል እንደሆነ መለካት የእግዚአብሔር ድርሻ ነው። ሥርየት ሰው ለራሱ ሊያገኘው ወይም ለሙታን ሊያውለው ይችላል። ለሌላ በሕይወት ላለ ሰው ግን ማስተላለፍ አይቻልም፤ በሕይወት ያለ ሰው የራሱን ራሱ ይወጣ ነው ሕጉ። የእርስዎ ግን ለሙት ስለሆነ አይዞዎት አሏት።

በዚህ ጊዜ ነው ጋሼ የተናገረው። ድምፁ የማስታወቂያው ድምፅ አልነበረም። ቀጭንና ሻካራ፣ ልብስ ሰፊዋ ከልጅነታቸው ወዲህ ያልሰማችው፣ እናታቸው ብርጭቆ የሰበረው ማነው ስትል የሚያወጣው ድምፅ ነበር።

«አባ፤ ሰውየው ሳይሞት፣ ሞተ ተብሎ የተጸለየለት እንደሆነስ? በሕይወት ቢኖር? ይሄ ሁሉ ጸሎት የት ይሄዳል?»

ቧንቧው ጠብ አለ። ቄሱ፣ ለፈተና ሲያጠናው ኖሮ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ እንዳገኘ ተማሪ፣ ደስ ብሏቸው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ግሩም ጥያቄ ነው። ሥርየቱ ለሰውየው አይደርሰውም፤ ደንቡ ግልጽ ነው። ጸሎቱ ግን በከንቱ አይቀርም፤ እግዚአብሔር የሚያስብለት ለሌለው ለሌላ ነፍስ ሊያደርገው ይችላል፤ ለጸለየችውም መልካም ሥራ ሆኖ ይቆጠርላታል። ይህን ሁሉ ብለው ከጨረሱ በኋላ ነው እንዲህ ያለ ሰው ያውቃሉ ወይ ብለው የጠየቁት።

«ለጠቅላላ ዕውቀት ነው፣ አባ» አለ ጋሼ።

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን አየችው። እሱ የጫማውን አፍንጫ እያየ ነበር። ጸለየ ሊሉ ይችሉ የነበሩት ቄስ ጸለየች ማለታቸውን፣ ጋሼም ያላረማቸው መሆኑን ሰማች፤ የሰውን ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርም ሰው። ቄሱ የቀጠሮ መዝገባቸውን ገልጠው የሙት ዓመቱን መቼ እናድርገው አሉ።  ልብስ ሰፊዋ ካርዷን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፤ ሳይባረክ።

«ይቆይ፣ አባ» አለች። «የሚቸኩል ሰው የለም።»

በአውቶቡስ ተመለሱ። ጋሼ ለሁለቱም ከፈለ፤ ለእሷ የመስኮቱን ወንበር ለቀቀላት፤ እንደ ወትሮው ቦርሳዋን ጭኑ ላይ ተቀበላት። ከፊታቸው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ሳሙና ዋጋ ይከራከሩ ነበር። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ ውጭውን እያየች፣ ዕድሜዋን እንደ ተሳሳተ ስፌት ከጫፉ ጀምራ ተረተረችው። ነፍሱን ይማር ያላለው ለምን እንደሆነ መጀመሪያ መጣላት። አስከሬኑ እዚያው ተቀበረ የተባለው ለምን እንደሆነ ተከተለ። ከዚያ ካርዱ መጣ። ካርዱ የመጣው ባሏ በሞተ ሳምንት አይደለም፤ ሰዓት ሠሪው ላግባሽ ባላት ሳምንት ነው። ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ሌላ ብታገባ ቤተ ክርስቲያኗም ሕጉም ጉድ ይላሉ፤ የተነበበው ሞትም ይገለጣል። ሞተ ያለ ሰው ባለትዳር ነሽ ብሎ ሊያስቆማት አይችልም። ስለዚህ ሥራ ሰጣት። ሥራውም የማያልቅ፣ ቁጥሩም ቀድሞ የተሻረ ነበር። ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ የእሷ ሆድ ግን ይህን የሚፈጅበት ቦታ አጣ።  ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ጋሼ ደረጃው ከፍ ያለ ነው ብሎ ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ቦርሳዋን ተቀበለችው።

ቤት ሲገቡ ጋሼ ኮቱን ሰቀለ፤ ፒጃማውን ለበሰ፤ ሻይ አፈላ። ሻይ ራሱ አፍልቶ አያውቅም። አንዱን ብርጭቆ መኪናዋ ላይ አስቀመጠላትና፣ የራሱን ወደ አፉ አስጠግቶ «ክቡራን አድማጮቻችን፤ ስኳር...» ብሎ ጀመረ። እሷ ቀና ብላ አላየችውም። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቀረ። ጠዋት የገጠመችውን ዚፕ በምላጭ እየፈታች ነበር፤ ዚፑ ምንም ጉድለት አልነበረበትም።

«የት ነው ያለው?» አለች።

ጋሼ ማን ብሎ አልጠየቀም። «እዚያው ነው» አለ።

«ደህና ነው?»

ይህ ጥያቄ ከአፏ ሲወጣ ራሷን አስደነገጣት። መንገድ ላይ ስላገኙት ሰው ዘመድ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ጋሼም እንደዚያው መለሰ።

«ደህና ነው። ዓይኑን ታሞ ነበር፤ አሁን ተሽሎታል።»

ምላጩ ቆመ። ዓይኑን ስለመታመሙ የሚያውቅ ሰው ድሮ የሰማውን አይደለም የሚያወራው። ልጆች አሉት ወይ ብላ ጠየቀችው። ጋሼ ሻዩን አማሰለ፤ የሚያማስለው ስኳር ውስጡ አልነበረም። ከዚያ፣ ያለ ማስታወቂያ ድምፁ፣ ነገሩን በጥቂቱ ነገራት። ሰውየው ጣቢያው ድረስ ደውሎ ነበር። ስልኩ የተነሣው የምሳ ሰዓቱን ማስታወቂያ ሊያነብ ሲገባ ነው። አልመለስም፤ እዚህ ሌላ ኑሮ ጀምሬአለሁ፤ አንተ ንገርልኝ አለው።

«ነገርከኝ» አለች።

ከታች ፎቅ የፀጉር ማድረቂያው ጩኸትና የፀጉር ሠሪዋ ሳቅ ይሰማ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ዓይኗን ከዚፑ ሳታነሣ፣ አንድ በአንድ ጠየቀችው። ለእኔ አዝነህ ነው? ለስምህ ነው? ክቡራን የሚባል ሰው የተተወች እህት አይኖረውም ብለህ ነው? ሰዓት ሠሪውን ስትመልስብኝ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድህ ነበር? በየጠዋቱ ስደግም እያየኸኝ ጡረታ ሳይወጣ አይቀርም ስትል፣ ምላስህ አልከበደህም? ጋሼ የተበላሸውን ሬዲዮ ያይ ነበር፤ በእሱ ፈንታ የሚመልስለት ይመስል። እሷ ጠበቀችው። ቢዋሽ እንኳ የምትቀበለው ይመስላት ነበር፤ ጥሩ አድርጎ ነው የሚዋሸው።

ሻዩ በረደ። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን አጣጥፋ ወደ ጎን አደረገች፤ ካርዱን ከመሐረቡ አውጥታ እንደ ወትሮው ክሮቹ ላይ አስደገፈችው። ፕላስቲኩ ስለሚያንሸራትት አልቆም አለ። ስፒል ሰክታ ገታችው።

«ነገ ጠዋት የምደግመው ለእርስዎ ነው» አለችው።

ጋሼ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሰው ከየትኛው ቀን ጀምሮ አንቱ እንደሚባል ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ በከተማው ውስጥ የለም።

«እኔ እኮ አለሁ፣ እታለም።»

«እሳቸውም ነበሩ።»

የታችኛው ፎቅ ማድረቂያ ጠፋ።  ልብስ ሰፊዋ የቀዘቀዘውን ሻይ፣ የራሷንም የእሱንም፣ አንሥታ ደፋችው፤ ብርጭቆዎቹን አጠበች፤ አድርቃ ስታስቀምጣቸው ጋሼ አሁንም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ለምን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ።»

ውሃ ሲጠፋ፣ ሽንኩርት ሲያልቅ፣ ድመት ስትወልድ ሲያውጅ የኖረው ክቡራን፣ ቀና ብሎ አያት።

«አልናገርም» አለ።